ታይም አውት ለምን አልሠራላችሁም? ከ3 እስከ 7 ዓመት ላሉ ልጆች ደረጃ በደረጃ

«ታይም አውት ሞክሬ ነበር፤ ለኔ ልጅ አይሠራም።» ይህን የሚሉ ወላጆች ብዙ ናቸው። ምን እንዳደረጉ ዘርዘር አድርገው ሲናገሩ ግን ችግሩ ይታያል። ልጁ ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ እናቱ አጠገቡ ቆማ ሩብ ሰዓት ትመክረዋለች። ወይም አባቱ «ሂድ ከፊቴ!» ብሎ መኝታ ቤት ልኮታል፣ እዚያ ደግሞ ታብሌት አለ። ወይም ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ አያት መጥተው «ና የኔ ጌታ» ብለው አንስተውታል።

ታይም አውት ማለት ልጁን ከሚያስደስተው ነገርና ከእናንተ ትኩረት ለአጭር ጊዜ ማራቅ ነው። ሥራውን የሚሠራው የትኩረቱ መቋረጥ ነው። ለልጅ ደግሞ ጩኸትም፣ ምክርም፣ ቁጣም ትኩረት ነው። እያወራችሁ ካስቀመጣችሁት ምንም አላቋረጣችሁበትም።

ከዚህ በታች ካሉት ደረጃዎች ግማሾቹ ዝግጅት ናቸው። እነሱን ዘላችሁ ወደ ወንበሩ አትሂዱ። ብዙው ሰው የሚወድቀው እዚያ ነው።

ዝግጅት

ደረጃ 1፦ ልጁ ለዚህ ደርሷል ወይ?

ታይም አውት የሚሠራው በአብዛኛው ከ3 እስከ 7 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ነው። ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ «ጫማህን አምጣ» ሲባል ገብቶት የሚያመጣ ከሆነ፣ በጣም አጭሩን መሞከር ይቻላል። ከሁለት ዓመት በታች አትጀምሩ። የዚያ ዕድሜ ልጅ ያጠፋውን ነገርና ለብቻው መቀመጡን አያገናኝም። ከነገሩ አርቁት፣ ሌላ መጫወቻ ስጡት፣ ይበቃል።

በእነዚህ ጊዜያት አትጠቀሙበት፦

- ልጁ ሲፈራ ወይም ሲያዝን። ጨለማ ፈርቶ የሚያለቅስ ልጅ የሚፈልገው እናንተን ነው።
- ሳያስበው ለሆነ ነገር። ወተት ደፋ፣ አልጋ ላይ ሸና፣ ብርጭቆ አመለጠው።
- ሲርበው፣ እንቅልፉ ሲመጣ ወይም ሲያመው። አብሉት፣ አስተኙት፣ ትኩሳቱን ለኩ።

አንድ ነገር ላይ ጠበቅ ብዬ ልናገር። እናቱ ለሥራ ዓረብ አገር ሄዳ ከዓመታት በኋላ የተመለሰችለት ልጅ አለ። ወላጆቹ ቀድመው አሜሪካ ወይም አውሮፓ ገብተው ኋላ ያመጡት ልጅም አለ። እንዲህ ያለ ልጅ ለብቻው ሲቀመጥና ፊት ሲነሳ «ደግሞ ሊተዉኝ ነው» ብሎ ሊያስብ ይችላል። ድብደባ ወይም ሌላ ጥቃት የደረሰበት ልጅም እንዲሁ። ለእነዚህ ልጆች ደረጃ 3 ላይ ብቻ ለወራት ሥሩ። ወንበሩን ከባለሙያ ጋር ሳትመካከሩ አትጀምሩ።

ኦቲዝም ያለበት ወይም ጫጫታ የማይችል ልጅ ደግሞ የሚጮኸው ከቦታው ለመውጣት ብሎ ሊሆን ይችላል። ለብቻው ማስቀመጥ ማለት የፈለገውን መስጠት ነው፤ ጩኸቱ ይብሳል።

ደረጃ 2፦ አንድ ባህሪ ምረጡ

«ረባሽነቱን እንዲተው» አይሆንም። ረባሽነት አይቆጠርም። የሚታይና የሚቆጠር ነገር ምረጡ፦ እህቱን መምታት፣ መንከስ፣ መትፋት፣ ዕቃ መወርወር። ወይም የተነገረውን ነገር ከማስጠንቀቂያ በኋላም አለማድረግ። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንድ ይበቃል፣ ቢበዛ ሁለት።

ማልቀስ፣ መነጫነጭ፣ መነዝነዝ ለዚህ አይሆኑም። እነሱን እንዳልሰማችሁ እለፏቸው። በትክክል ሲጠይቅ ወዲያው መልሱለት።

አንድ ወረቀት ፍሪጅ ላይ ወይም በር ጀርባ ለጥፉ። የሳምንቱን ቀናት ጻፉበት። ገና ወንበሩን ሳትጀምሩ፣ ልጁ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚመታ ለአንድ ሳምንት ጭረት አድርጉ። ሰዓቱንም ጻፉ። ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ራሱ አንድ ነገር ይነግራችኋል። ጭረቶቹ በሙሉ ከእራት በፊት ባለው ሰዓት ከተከመሩ፣ መፍትሔው መክሰስ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 3፦ ጥሩውን ጊዜ አብዙ

ከዚህ መመሪያ አንድ ደረጃ ብቻ ታነባላችሁ ብባል፣ ይህን አንብቡ እላለሁ።

ትኩረት ማቋረጥ የሚሰማው ትኩረት የሚያገኝ ልጅ ነው። ቀኑን ሙሉ «ተው»፣ «አትንካ»፣ «ዝም በል» ብቻ የሚሰማ ልጅ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ምን ይቀርበታል? ምንም።

ስለዚህ ወንበሩን ከመጀመራችሁ ቢያንስ ከአንድ ሳምንት በፊት ሁለት ነገር ጀምሩ።

የመጀመሪያው፣ በየቀኑ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አብራችሁ ተጫወቱ። ስልኩ ሌላ ክፍል ይሁን። ጨዋታውን ልጁ ይምራ። እሱ ቆርኪ ከደረደረ እናንተም ደርድሩ። አታስተምሩ፣ አትጠይቁ፣ አታርሙ። «ይሄ ምን ዓይነት ቀለም ነው?» ፈተና ነው፤ «ቀዩን ከላይ አደረግከው» ግን አብሮ መጫወት ነው።

ሁለተኛው፣ ጥሩ ሲያደርግ ያደረገውን ጠርታችሁ አመስግኑ። «ጎበዝ» ብቻ አይበቃም። «ለእህትህ መኪናዋን ስላቀበልካት ደስ አለኝ» በሉ። እኛ ዘንድ ልጅን ፊት ለፊት ማመስገን ያቀብጠዋል የሚል ሰው አይጠፋም፤ ዓይን ይገባዋል ብሎ የሚፈራም አለ። ልጅን የሚያቀብጠው ግን ያለ ሥራው የሚሰጠው ምስጋናና ባለቀሰ ቁጥር የሚገዛለት ነገር ነው። ያደረገውን መልካም ነገር ስሙን ጠርቶ ማመስገን ምን እንደሚደገም ያስተምረዋል። «ማሻ አላህ» ወይም «እግዚአብሔር ይባርክህ» ጨምሩበት፣ አያትም ይረጋጋሉ።

አንዳንድ ቤት በዚህ ሳምንት ብቻ ጭረቱ ይቀንሳል። ያኔ አትቸኩሉ፣ በዚሁ ቀጥሉ።

ደረጃ 4፦ ቦታውን አዘጋጁ

የሚያስፈልገው መደገፊያ ያለው አንድ ወንበር ነው። የልጁ እግር መሬት የሚነካበት ትንሽ የፕላስቲክ ወንበር ምርጥ ነው። ዱካ ላይ ካስቀመጣችሁት ሲወዛወዝ ይወድቃል።

ቦታው አሰልቺ ይሁን፣ ግን አያስፈራ። እናንተ የምታዩት፣ እሱ ቴሌቪዥን የማያይበት። የሳሎኑ ጥግ ወይም ኮሪደሩ ይሆናል። አንድ ክፍል ቤት ከሆነ ወንበሩን ከመጫወቻውና ከቴሌቪዥኑ ወደ ሌላ አቅጣጫ አዙሩት፤ በዚያ ሰዓት ቴሌቪዥኑን አጥፉት።

እነዚህን ቦታዎች ተዉ፦

- ወጥ ቤት። ከሰል ምድጃ፣ የፈላ ጀበና፣ ቢላ አለ።
- ሽንት ቤት፣ ዕቃ ቤት፣ ማንኛውም ጨለማ ቦታ።
- በረንዳ። በተለይ ኮንዶሚኒየም ላይ የምትኖሩ፣ አንድ ደቂቃም ቢሆን።
- አልጋው። መኝታውን ከቅጣት ጋር ካገናኘ ማታ እንቅልፍ እምቢ ይላል።

በር አትቆልፉ። ለአንድ ሰከንድም።

ደረጃ 5፦ የቤቱን ሰው ሁሉ አስማሙ

እናት ታስቀምጣለች፣ አባት ያነሳል፣ ሞግዚቷ ብስኩት ታቀብላለች። እንዲህ ባለ ቤት ልጁ የሚማረው ማን ጋ እንደሚሮጥ ነው። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ሁሉንም ሰብስባችሁ ወይም አንድ በአንድ ተነጋገሩ። ለሞግዚቷ ወንበሩን አሳይታችሁ፣ ሰዓቱን አስሞልታችሁ፣ የምትለውን ቃል አስለማምዷት። እሷ መጀመር ከከበዳት እናንተ ስትኖሩ ብቻ ይደረግ፤ ግማሽ ግማሽ ከመሥራት ይሻላል።

ዋናው ንግግር ከአያት ጋር ነው። አያት የሚያነሱት በክፋት አይደለም፤ የልጅ ለቅሶ አንጀታቸውን ስለሚበላው ነው። ልጁ በሌለበት፣ ቡና ላይ፣ በአክብሮት ንገሯቸው፦

«እማማ፣ መምታቱን እንተው ብለን አስበናል። ሲማታ ወንበሩ ላይ ሦስት ደቂቃ ይቀመጣል፤ ሌላ ነገር የለም። አጠገቡ እኔ አለሁ። ለሦስት ደቂቃ እንዳላዩት ይሁኑልኝ። እንደተነሳ መጀመሪያ እርስዎ ይቀበሉታል።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ከባድ ሥራ ይሠራል። አያት ከነገሩ ውጪ እንዳልተደረጉ ያውቃሉ፤ የሚያጽናኑበት ሰዓትም ተሰጥቷቸዋል። ልጁ ሲያለቅስ ማየት ካቃታቸው በዚያች ሦስት ደቂቃ ወደ ግቢ ወጣ ይበሉ።

ደረጃ 6፦ ለልጁ አስቀድማችሁ አሳዩት

ሁሉም ሰላም በሆነበት ሰዓት፣ ከበላ በኋላ፣ ጠርታችሁ ንገሩት፦ «ማሙሽ፣ እህትህን ከመታህ እዚህ ወንበር ላይ ትቀመጣለህ። ሰዓቱ ሲጮህ እኔ መጥቼ አነሳሃለሁ።» ከዚያ በአሻንጉሊት ተጫወቱት። አሻንጉሊቱ ይማታ፣ ወንበሩ ላይ ይቀመጥ፣ ዝም ይበል፣ ይነሳ። ቀጥሎ ልጁ ራሱ ለግማሽ ደቂቃ ተቀምጦ ይለማመድ። በደንብ ሲቀመጥ አመስግኑት። ሳይለማመድ በንዴት መሐል የጀመረ ልጅ ምን እንደመጣበት አያውቅም።

አፈጻጸም

ደረጃ 7፦ ትእዛዙን በትክክል ስጡ

ከወጥ ቤት አትጩኹ። ሂዱ፣ ጎንበስ በሉ፣ ዓይኑን እዩ። አንድ ነገር ብቻ ንገሩት። ጥያቄ አታድርጉት። «ኳሷን አታስቀምጣትም?» ካላችሁት «አላስቀምጥም» መልስ ነው። «ኳሷን ቅርጫት ውስጥ አስቀምጣት» በሉ።

ከዚያ አፋችሁን ዝጉና በልባችሁ እስከ አምስት ቁጠሩ። ካደረገ ወዲያው አመስግኑ። አለቀ።

ደረጃ 8፦ አንድ ማስጠንቀቂያ

ካላደረገ፣ በተረጋጋ ድምፅ፦ «ኳሷን ካላስቀመጥካት ወንበሩ ላይ ትቀመጣለህ።» እንደገና እስከ አምስት።

ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ የለም። «ነግሬሃለሁ»፣ «አሁን መጣሁልህ»፣ «ሦስት እስክቆጥር... ሁለት ተኩል...» የለም። በተደጋጋሚ የምታስጠነቅቁት ልጅ ስንተኛው ላይ እንደምትነሱ በሚገባ ያውቃል።

ለመምታት፣ ለመንከስና ለመትፋት ማስጠንቀቂያም አያስፈልግም። እንደመታ በቀጥታ ወደ ደረጃ 9።

ደረጃ 9፦ ወደ ወንበሩ

በሰከንዶች ውስጥ ይሁን። «ማታ አባትህ ሲመጣ» አይሠራም። ምክንያቱን በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ንገሩት፦ «እህትህን መታሃት፤ ወንበር ላይ ትቀመጣለህ።» እጁን ይዛችሁ ውሰዱት። ሲቀመጥ፦ «ተነስ እስክልህ እዚህ ቆይ።» ከዚህ በኋላ ዝም።

ደረጃ 10፦ ደቂቃዎቹ

የተለመደው ስሌት በዕድሜው ልክ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ደቂቃ ነው። ከአምስት ደቂቃ በላይ አትሂዱ፤ ማስረዘሙ የሚጨምረው ነገር የለም። የወላጅና የልጅ መስተጋብር ሕክምና የሚባለው፣ ከ2 እስከ 7 ዓመት ላሉ ልጆች የሚሰጠው አሠራር፣ ለሁሉም ሦስት ደቂቃ ይጠቀማል፤ በመጨረሻ ላይ የአምስት ሰከንድ ጸጥታ ይጨምርበታል። እኔም ይህን እመርጣለሁ። አንድ ቁጥር ለቤቱ ሰው ሁሉ ለማስታወስ ይቀላል። ለሁለት ዓመት ልጅ ግን ከሁለት ደቂቃ አትለፉ።

በስልካችሁ ወይም በወጥ ቤት ሰዓት ሙሉ። ሰዓቱ በልጁ እጅ አይሁን፣ መጫወቻ ይሆናል። በግምትም አትሂዱ፤ የተናደደ ሰው ሦስት ደቂቃን አይለካም።

ፊታችሁን መለስ አድርጋችሁ አንድ ሥራ ያዙ። ልብስ እጠፉ፣ ምስር ልቀሙ። በጎን ግን እዩት። ይዘፍናል፣ እግሩን ያወዛውዛል፣ «ውሃ»፣ «አልወድሽም»፣ «ለአባዬ እነግርሻለሁ» ይላል። ለአንዱም አትመልሱ። ወንድምና እህቶቹን ወደ ሌላ ቦታ ስደዱ፤ መጥተው ካሳቁት ወይም ካሾፉበት ሥራው ፈረሰ።

ደረጃ 11፦ አብቁት

ሰዓቱ ሲጮህ ጸጥ ካለ፣ ሄዳችሁ «አሁን ተነስ» በሉት። እያለቀሰ ከሆነ ትንሽ ጸጥታ ጠብቁ። አምስት ሰከንድ ይበቃል፤ ትንፋሽ ሊስብ ዝም ሲል እንኳ ቶሎ ተጠቀሙባት። «ዝም ስላልክ ትነሳለህ።» እየጮኸ ካነሳችሁት የሚያስነሳው ጩኸት እንደሆነ ይማራል።

የምታነሱት እናንተ ናችሁ። «ሲበቃህ ና» አትበሉት።

ደረጃ 12፦ ወደተጀመረው ነገር ተመለሱ

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህን ነው። ኳሷን አላስቀምጥም ብሎ ከተቀመጠ፣ ሲነሳ ኳሷ እዚያው አለች። «አሁን ኳሷን አስቀምጣት።» አስቀመጠ? አመስግኑት። እምቢ አለ? ከደረጃ 8 እንደገና። ይህን ከተዋችሁት ወንበሩ ሥራ ማምለጫ ሆነ ማለት ነው።

ለመምታት ከሆነ፣ በምን እንደሚተካው አሳዩት፦ «መኪናዋን ስትፈልግ ‹ስጪኝ› በላት። በል እስቲ አሁን።» ይቅርታ ማስባል ትችላላችሁ፣ ግን አንድ ጊዜ ተናግሮ ይብቃው። እግር እያስሳሙ ሌላ የአሥር ደቂቃ ችሎት አትክፈቱ።

ከዚያ ጉዳዩ ተዘጋ። አታኩርፉት። ለአባቱ ማታ በፊቱ አትክሰሱት። በሚቀጥሉት ጥቂት ደቂቃዎች አንድ ጥሩ ነገር ሲያደርግ ፈልጋችሁ አመስግኑት።

አንድ ጊዜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

ከምሽቱ 12 ሰዓት። የአራት ዓመቱ ማሙሽና የሁለት ዓመት ተኩሏ ሚጣ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ናቸው። አንድ ቢጫ መኪና አለ። ሚጣ ያዘችው፣ ማሙሽ ጎተተ፣ አልለቀቀችም፣ በመኪናው ግንባሯን ጠረቃት።

እናት መጀመሪያ የሚጣን ግንባር ታያለች። ደም የለም። ለአክስቷ ታቀብላታለች። ወደ ማሙሽ፦ «መታሃት፤ ወንበር ላይ ትቀመጣለህ።» እጁን ይዛ ትወስደዋለች። «እሷ እኮ ናት!» ይላል። አትመልስም። ታስቀምጠዋለች፤ «ተነስ እስክልህ እዚህ ቆይ»፤ ስልኳ ላይ ሦስት ደቂቃ ትሞላለች። ይነሳል። ትመልሰዋለች፣ ምንም ሳትል፣ ሰዓቱን እንደ አዲስ ትሞላለች። እንደገና ይነሳል፣ እንደገና ትመልሰዋለች። ይጮኻል። ጀርባዋን ሰጥታ ፎጣ ታጥፋለች። ሰዓቱ ሲጮህ እሱም እየጮኸ ነው። ትጠብቃለች። ንፍጡን በእጅጌው ሊጠርግ ዝም አለ። «ዝም አልክ፣ ተነስ።» መኪናውን አንስታ፦ «ሚጣን ‹ስጪኝ› በላት።» እያኮረፈ፣ ድምፁ በጭንቅ እየተሰማ ይላታል። ሚጣ አልሰጠችም። እናት፦ «ጎበዝ፣ በአፍህ ጠየቅካት። እስክትጨርስ ይህን ኳስ እንጫወት።»

ሚጣ መኪናውን አለመስጠቷ ምንም አይደለም። የተማረው በአፍ መጠየቅ ነው።

ሲበላሽ

አልሄድም ካለ። ትንሽ ልጅ ከሆነ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጋችሁ ሳታወሩ ተሸክማችሁ ውሰዱት። ስድስትና ሰባት ዓመት ከሆነው አትታገሉት። «ወይ ሦስት ደቂቃ ትቀመጣለህ፣ ወይ ዛሬ ካርቱን የለም» በሉና አምስት ቁጠሩ። ካልሄደ ካርቱኑ ቀረ። ነገ እንደ አዲስ ነው፤ ለሳምንት አትቅጡት።

እየተነሳ ካስቸገረ። ዝም ብላችሁ መልሱት። መጀመሪያ ቀን ደጋግሞ ይነሳል፤ ጠብቁት። በኃይል ይዛችሁ አታስቀምጡት፣ ጉልበታችሁ ላይም አትቆልፉት፤ ይህ ትግል ነው፣ ትግልም ትኩረት ነው። እናንተ እየጋላችሁ ከመጣችሁ እንደላይኛው አንድ ነገር አስቀርታችሁ ጨርሱ።

ባህሪው ከበፊቱ ከባሰ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይህ የሚጠበቅ ነው። ድሮ በትንሽ ጩኸት የሚያገኘውን ነገር ሲያጣ፣ ጩኸቱን ከፍ አድርጎ ይሞክራል። አብዛኛው ሰው «አይሠራም» ብሎ የሚተወው እዚህች ላይ ነው። አሁን ከተዋችሁ ትልቁ ጩኸት እንደሚሠራ አስተማራችሁት ማለት ነው። ወረቀታችሁ ላይ ጭረቱን ቀጥሉ። በሁለትና ሦስት ሳምንት ካልቀነሰ ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ፤ ጨዋታው ተቋርጦ እንደሆነ እዩ።

«ሽንቴ መጣ» ካለ። ውሰዱት። አታውሩት። መልሳችሁ አስቀምጡት፣ ሰዓቱን ከቆመበት ቀጥሉ። ወንበሩ ላይ ከሸና ልብሱን ቀይሩለት፣ አትቆጡ፣ የቀረችውን ጨርሱ።

«ግድ የለኝም፣ ደስ ይለኛል» ካለ። እለፉት። የሚሠራ መሆን አለመሆኑን የሚናገረው ወረቀቱ ላይ ያለው ጭረት ነው።

ጭንቅላቱን ካጋጨ። ወንበሩን ከግድግዳ አርቁ፣ ዙሪያውን ትራስ አድርጉ። ራሱን የሚጎዳ ከሆነ አቁሙና ለሐኪም አሳዩ።

ማን እንደጀመረ ካላያችሁ። ዳኛ አትሁኑ። ሁለቱንም በተለያየ ቦታ፣ ለእኩል ደቂቃ አስቀምጡ።

እንግዳ ከመጣ። ይህ ለኛ ቤት ትልቁ ፈተና ነው። ልጁ አጠፋ፣ አስቀመጣችሁት፣ እንግዳው ተነስቶ «ስለ እኔ ስትይ ተይው፣ ልጅ አይደል?» ይላል። እምቢ ማለት ነውር ይመስላል። አማላጁን ሳታሳፍሩ አልፉ፦ «እሺ፣ ላንተ ብዬ አልቆጣውም። አንድ ደቂቃ ነው የቀረው፣ ሲጨርስ ሰላም ይልሃል።» ወሬውን ቀጥሉ። ከቻላችሁ ወንበሩን ሰው ከሚያየው ቦታ ዞር አድርጉት፤ ልጅም ሰው ፊት ማፈር ይሰማዋል፤ ማሳፈር ደግሞ የዚህ ሥራ አካል አይደለም።

ከቤት ውጪ ከሆናችሁ። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ግቢ፣ ዘመድ ቤት፣ ሱፐርማርኬት፦ ሰው ወዳልበዛበት ጥግ ውሰዱት፣ ደረጃ ላይ አስቀምጡት፣ አጠገቡ ቁሙ፣ ሦስት ደቂቃ። ታክሲ ውስጥ አትሞክሩ። አስፋልት ዳርም አትሞክሩ።

እጃችሁ ከተነሳ። ወንበሩን አትጀምሩ። ልጁ የማይጎዳበት ቦታ መሆኑን አይታችሁ እናንተ ዞር በሉ፣ ውሃ ጠጡ። በንዴት የተጀመረ ታይም አውት በጥፊ የማለቅ ዕድሉ ሰፊ ነው።

በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ከሆነ። በዝቷል። ወይ ትእዛዛችሁ በዝቷል፣ ወይ ባህሪው አንድ መሆኑ ቀርቶ ሁሉም ነገር ወንበር ሆኗል። ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ።

ከዚህ ጋር የማይቀላቀሉ ነገሮች

ማንበርከክ፣ ጆሮ አስይዞ ማቆም፣ እጅ ወደ ላይ ማስደረግ፣ በርበሬ ማጠን፣ ጨለማ ቤት መዝጋት። እነዚህ ሕመምና ፍርሃት ናቸው። ሦስቱን ደቂቃ አንበርክካችሁ ካሳለፋችሁት ልጁ የሚያስታውሰው ጉልበቱን እንጂ ያጠፋውን አይደለም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው አቋም ወላጆች ልጅን ከመምታት እንዲታቀቡ መክሯል። በኢትዮጵያም ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ልጆች በትምህርት ቤትና በሚያድጉበት ተቋም ከአካል ቅጣት ነጻ እንዲሆኑ ይደነግጋል። መዋለ ሕፃናቱ ልጃችሁን «ታይም አውት አደረግነው» ካላችሁ፣ የት፣ ለስንት ደቂቃ፣ ቆሞ ወይስ ተቀምጦ ብላችሁ ጠይቁ።

የቃል ማስፈራሪያውንም ተዉት። «ለጅብ እሰጥሃለሁ»፣ «ፖሊስ ጠርቼ»፣ «እናትህ አይደለሁም»። ልጁ ያምናችኋል።

ለሐኪም መቼ?

ልጁ ራሱን ወይም ሌላውን ክፉኛ የሚጎዳ ከሆነ፣ ይናገር የነበረውን ቃል መናገር ካቆመ፣ ባህሪው በድንገት ከተለወጠ፣ ወይም እንቅልፉና ምግቡ አብሮ ከተበላሸ ወንበሩን አቁማችሁ የሕፃናት ሐኪም ጋ ውሰዱት። ድንገተኛ ለውጥ ሲሆን ሰው ነክቶት ወይም አስፈራርቶት እንደሆነም በረጋ መንፈስ ጠይቁት።

በተለይ «ሲነገረው አይሰማም» የምትሉት ልጅ ከሆነ የጆሮ ምርመራ ጠይቁ። ጆሮው ደጋግሞ የሚመግል፣ ቴሌቪዥን ድምፅ የሚያስጨምር፣ ከጀርባው ሲጠሩት የማይዞር ልጅ ምናልባት በእውነት አይሰማ ይሆናል። የምርመራው ውጤት እስኪመጣ ድረስ ትእዛዝ ባለማክበር ወንበር ላይ አታስቀምጡት።